ዘጠኝ ሜትር ላይ የጠፋው ቆጠራ

እሺ። ድምፄ ኋላ ድረስ ይሰማል? ከተሰማ ማይኩን ልተወው፤ እሱም እንደ እኛው ደክሞታል፣ ሁለት ቃል ካወጣ አንዱን ይውጣል። አርብ ነው፣ ሳምንቱን ሙሉ ከሪፖርት ጋር ስንታገል ከርመናል፣ የግማሻችሁ ዓይን ቀልቷል። አያለሁ። ላሳጥር እሞክራለሁ፤ ካላሳጠርኩ ዛሬ በጡረታ የምንሸኛት ባልደረባችን ራሷ ታስቆመኛለች።

የዛሬ ሃያ አራት ዓመት በታችኛው በር ነው የገባችው። እኔ በሩ ላይ ከጥበቃው ጋር ወሬ ይዤ ነበር። አንዲት ሴትዮ ትከሻዋ ላይ ጆንያ ተሸክማ፣ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ብቅ አለች። ጥበቃው “ምንድን ነው የያዙት?” አላት። “አፈር” አለች። እኔ ያኔ ሠላሳ ዓመቴ ነው፣ አዲስ ሸሚዝ ለብሻለሁ፣ የድልድይ ዲዛይነር ነኝ ብዬ ደረቴን ነፍቻለሁ። ቀልጠፍ አልኩና “አበባው ያለው በጓሮ ነው፣ እዚያ ያራግፉት” አልኳት። በጓሮ በኩል ዞራ ሄደች።

ከአስር ደቂቃ በኋላ የቢሮዬ በር ላይ ቆመች። ጆንያው አሁንም ትከሻዋ ላይ ነው። “የአበባ ቦታችሁን አየሁት” አለችኝ። “ከላይ የግንባታ ፍርስራሽ ነው፣ ከሥሩ መረሬ ነው፣ ምንም አይበቅልበትም። በነገራችን ላይ አዲሷ የአፈርና የመሠረት መሐንዲስ ነኝ። ጠረጴዛዬ የቱ ነው?”

ጠረጴዛዋ ከእኔ ፊት ለፊት ነበር። እስከ ዛሬም እዚያው ነው። ጓሮውንም ሄዳችሁ እዩት፣ አንድ አበባ አልበቀለም።

ሃያ አራት ዓመት ሙሉ “አንቺ” ስላት ኖሬ ዛሬ ሰው ፊት ቆሜ “እርስዎ” ብላት ራሷ ትስቅብኛለች። ስለዚህ “አንቺ” ነው የምልሽ። ባለቤቷ እዚህ አሉ፣ ልጇም አለች፤ እነሱ ይቅር ይበሉኝ። አንድ ነገር ደግሞ አስቀድሜ ልናገር፣ ኋላ ወኔ እንዳይከዳኝ። ዛሬ የተነሳሁት ለማሾፍ ብቻ አይደለም። አስራ አንድ ዓመት የደበቅኩት ነገር አለኝ፣ የእሷን ስም የነካ ነገር ነው፣ ሳልናገረው ከዚህ አዳራሽ እንድትወጣ አልፈልግም። ሳልናገር ከተቀመጥኩ በሉ ያገኛችሁትን ወርውሩብኝ።

እስከዚያው ግን ትንሽ እንሣቅ።

የቁፋሮ ቡድኑ ምን ብሎ እንደሚጠራት ታውቃላችሁ። እትዬ ድገሙት። ቤተሰቧ ይህን ስም ሰምቶ ላያውቅ ይችላል፣ ላስረዳ። ድልድይ ከመሠራቱ በፊት ምሰሶው የሚቆምበት ቦታ ይቆፈራል። ጉድጓዱ ውስጥ ቱቦ ይወርድና ስድሳ ምናምን ኪሎ የሚመዝን መዶሻ እየተነሳ ይለቀቅበታል። ቱቦው ሠላሳ ሳንቲ ሜትር እስኪገባ መዶሻው ስንት ጊዜ መታ? ያ ይቆጠራል። ብዙ ከሆነ መሬቱ ጠንካራ ነው። ትንሽ ከሆነ ልል ነው። በቃ፣ ሥራው ሲጠቃለል ይኸው ነው፤ ጭቃ ላይ ቆሞ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ማለት። ሚሊዮን ሰው የሚሻገርበት ድልድይ የሚቆመው አንድ ሰው ጭቃ ላይ ቆሞ በጻፈው ቁጥር ላይ ነው።

እሷ ደግሞ የሰው ቁጥር አታምንም። በርጩማዋን ይዛ ማሽኑ ጥግ ትቀመጥና ጮክ ብላ ትቆጥራለች። መኪና አልፎ ድምፁ ከረበሻት፣ አንድ ምት ከተምታታባት “ድገሙት!” ነው። ድገሙት ማለት ማሽኑን አንስቶ፣ ጎን ሄዶ፣ እንደገና መቆፈር ነው። ያ የቁፋሮ አለቃ፣ ያው ጥግ ላይ ተደብቆ የሚስቀው፣ አንድ ቀን እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ “እትዬ፣ አስራ ሰባትም ይሁን አስራ ስምንት ምን ለውጥ አለው?” አላት። ቀና ብላ አየችው። “ለእኔ ምንም ለውጥ የለውም። ልጆችህ በዚህ መንገድ ነው ትምህርት ቤት የሚሄዱት?” አለችው። ሰውዬው ማሽኑን አነሳ።

አፈር ትበላለች ሲባልም ሐሜት አይደለም። በዓይኔ አይቻለሁ። ናሙናውን በጣቷ ታሸዋለች፣ ታሸተዋለች፣ ከዚያ ቆንጠር አድርጋ ጥርሷ ላይ ታደርገዋለች። ጥርስ ላይ ከተንቋቋ ደለል ነው፣ ከለሰለሰ ሸክላ ነው። ላብራቶሪው ሦስት ቀን የሚፈጅበትን እሷ በሦስት ሰከንድ ትጨርሰዋለች፤ ከዚያም “ለማንኛውም ወደ ላብራቶሪ ላኩት” ትላለች። አንዴ ከውጭ የመጡ አማካሪ እንግዶች ፊት ይህንኑ ስታደርግ አንደኛው ደንግጦ ውሃ አቀረበላት። “አመሰግናለሁ፣ ውሃው መሬቱ ውስጥ በቂ አለ” ብላ መለሰችለት።

ቤትም እረፍት የላቸውም። ልጇ ስትነግረኝ፣ ለአስራ ስድስተኛ ዓመት ልደቷ ከእናቷ የተሰጣት ስጦታ ምን መሰላችሁ? ፊሽካ። “ቤት ቢደረመስብሽ ንፊው” ተብሎ። ቁም ሳጥኑ በሙሉ ከግድግዳ ጋር ታስሯል። አልጋ ሥር የያንዳንዱ ሰው ጫማ ተዘጋጅቶ ይቀመጣል፣ ስብርባሪ ላይ በባዶ እግር እንዳይረገጥ። ባለቤቷ አንድ ቀን “እኔ ሴት ያገባሁ መስሎኝ ነበር፣ ለካ የአደጋ ጊዜ መመሪያ ነው ያገባሁት” አሉኝ። እዚህ ቢሮም እኮ ያው ነው። ያንን ከኋላችሁ ያለውን መደርደሪያ ራሷ ነች በብሎን ያስመታችው። ስንት ጊዜ ሳቅንባት። እኔ ከሁሉ በላይ ስቄባታለሁ።

አሁን ሳቁ ይብቃ። ደግሞም ደክሞኛል፣ መቀለድ ራሱ ደክሞኛል። ወደ ነገሩ ልግባ።

የዛሬ አስራ አንድ ዓመት የታችኛውን ወንዝ ድልድይ ስንጀምር ነው። ያ አካባቢ መሬቱ የሚንቀጠቀጥ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ምሰሶዎቹ አራት ናቸው። ሁለቱን እሷ ራሷ ቆጠረች። ሦስተኛው ሊጀመር ሲል እናቷ ታመሙባት። ይህች ሴት በሃያ አራት ዓመት ውስጥ ፈቃድ ስትጠይቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ጠረጴዛዬ ጋ መጥታ ቆመች፣ ፊቷ ወይቧል። “ሦስት ቀን ብቻ ነው። አንተ ቁጠርልኝ፣ ሌላ ሰው አላምንም” አለችኝ።

ሌላ ሰው አላምንም። ቃሏ ይኸው ነው።

ሄድኩ። ሁለቱን ቀን በደንብ ቆጠርኩ። ሦስተኛው ቀን ሐሩሩ አናት ይበሳል፣ አፈሩ እየረጠበ ይወጣል፣ በርጩማዋ ላይ ተቀምጫለሁ። ዘጠኝ ሜትር ላይ ስንደርስ ስልኬ ጮኸ። የቤቴ ጣራ ያፈሳል ብዬ የጠራሁት ሠራተኛ ነው፣ ቆርቆሮው አይበቃም ይለኛል። ዞር አልኩ። ተጨቃጨቅኩ። ከኋላዬ መዶሻው ይመታል። ሲያቆም የቁፋሮው አለቃ “ስንት ነው ኢንጂነር?” ብሎ ጮኸ።

አላውቅም። አንድም ቁጥር በአእምሮዬ የለም።

“አንድ ጊዜ” አልኩት በእጄ፣ ስልኩን አልዘጋሁም። የሁለተኛውን ምሰሶ ወረቀት ገለጥኩ። እዚያ ዘጠኝ ሜትር ላይ ሃያ ስምንት ይላል። ሃያ ስምንት ብዬ ጻፍኩ። አስር ሜትር ተኩል ላይም ጭቅጭቁ አላለቀም ነበር። ከዚያው ወረቀት ሠላሳ አንድ ብዬ ጻፍኩ። ተዉ፣ የቁፋሮውን አለቃ እንዳታዩት። እሱ ቁጥሩን ከእኔ ነው የሚጠብቀው፣ ምንም አያውቅም። ስልኩን ዘግቼ የቀረውን በሥርዓት ቆጠርኩ። ማታ ቤቴ ገብቼ ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ። እውነቱን ነው የምነግራችሁ፣ አልከነከነኝም።

እናቷን ቀብራ ተመለሰች። ጥቁሯን እንደለበሰች ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው። ጣቷ ዘጠኝ ሜትር ላይ ቆመ። አስር ተኩል ላይ ቆመ። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ምሰሶ ሄደ፣ ተመለሰ።

“ይህን አንተ ነህ የቆጠርከው?”

ዓይኔን በጨው አጥቤ “እኔ ነኝ” አልኳት።

“ራስህ?”

“ራሴ።”

ወረቀቶቹን ሰበሰበች። “እሺ” አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችኝም። እስከ ዛሬም አላለችኝም።

በማግስቱ ማሽኑ ወደ ሦስተኛው ምሰሶ እንዲመለስ አዘዘች። ተቋራጩ ጮኸ፤ መሣሪያው ወደ ሌላ ሥራ ሊሄድ ተጭኖ ነበር። የያኔው አለቃችን ጮኹ። ሥራው ሦስት ሳምንት ተጓተተ። እሷ ግን በርጩማዋ ላይ ተቀመጠችና ቆጠረች። ዘጠኝ ሜትር ላይ ስድስት። አስር ሜትር ተኩል ላይ አምስት። ሃያ ስምንት ብዬ በጻፍኩበት ቦታ ስድስት ነው ያለው። ውሃ የጠጣ ልል አሸዋ፣ እኔ ደግሞ ፓይሎቹን፣ ከምሰሶው ሥር ወደ መሬት የሚወርዱትን ዓምዶች፣ እዚያው ላይ ልጨርሳቸው ዲዛይን ሠርቻለሁ።

ለቤተሰቧ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳ፣ ያኔ ለአለቃችን ያስረዳችበትን መንገድ ልዋስና። አለቃችን ፓይሎቹ ስምንት ሜትር ይጨመሩ ስትላቸው ፊታቸውን አጨማደዱ፤ “መሬት መሬት ነው” አሉ። እሷ ወጣች። የጽዳት ሠራተኛዋን ባልዲ አሸዋ ሞልታ፣ ውሃ ጨምራበት መጣች። አሸዋውን በመዳፏ አስተካከለች፣ ደረቅ መሬት መሰለ። ከአለቃችን ጠረጴዛ ላይ ያቺን የሚወዷትን ዋንጫ አነሳችና አሸዋው ላይ አቆመች። ቀጥ ብላ ቆመች፣ ዋንጫዋ። ከዚያ ባልዲውን ከጎን በቡጢ ደብደብ፣ ደብደብ። አሸዋው በዓይናችን እያየን ውሃ ሆነ። ዋንጫዋ ዘመም አለች፣ ገባች፣ እጀታዋ ብቻ ቀረ።

አለቃችን “ይሄ እኮ ባልዲ ነው! ወንዙ ባልዲ አይደለም” አሉ።

“ልክ ነዎት” አለቻቸው። “ባልዲው ይሻላል። በባልዲው ላይ ሰው አይሻገርም።”

ፓይሎቹ ስምንት ሜትር ተጨመሩ። እሷ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጣት። በቀጣዩ ወር የክፍል ኃላፊነቱ ቦታ ለእሷ ነበር፣ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ለእኔ ተሰጠኝ። እኔም ተቀበልኩ። በባልዲው ጉዳይ ተቀይመዋት ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሁላችሁም እንደዚያ ነው የሰማችሁት፣ የሰማችሁትም ከእኔ ነው። አስራ አንድ ዓመት አለቃዋ ሆኜ ኖርኩ። የፈቃድ ወረቀቷን እኔ ፈረምኩ። የሥራ አፈጻጸሟን እኔ ሞላሁ። እሷ ከፊት ለፊቴ ተቀምጣ አፈር ስታሽ፣ እኔ እሷን ነጥብ ስሰጥ።

ከአራት ዓመት በኋላ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ጠዋት ነበር፣ ሰው ሥራ በሚገባበት ሰዓት። ወንዙ ዳር ያለው መጋዘን ግማሽ ሜትር ሰመጠ። የዳሩ መንገድ ተሰንጥቆ ወደ ውሃው ተንሸራተተ። ድልድዩ ግን እንደቆመ ቀረ። አምቡላንሶቹ በእሱ ላይ ነው የተሻገሩት፣ ሌላ መንገድ አልነበረም። ከሰዓት እኔና እሷ ሄድን። ሦስተኛው ምሰሶ ሥር አሸዋው ከመሬት ውስጥ ተተፍቶ እንደ ትናንሽ የጉንዳን ቤት ተከምሯል። እሷ በሆዷ ተኝታ ምሰሶውን ዙሪያውን አየችው፣ ስንጥቅ የለውም። ተነስታ ልብሷን አራገፈች። “ደክሞኛል። ወደ ቤት እንሂድ” አለችኝ።

እኔ ወደ ቤት አልሄድኩም። ካሜራ የያዙ ሰዎች ነበሩ። የድልድዩ ዲዛይነር ማነው ሲሉ እኔ ነኝ አልኩ። ኮሪደሩ ላይ የተሰቀለው ፎቶ የዚያን ቀን ነው። ስንቶቻችሁ እንኳን ደስ ያለህ ብላችሁኛል።

አሁን ወደ መጨረሻው ነው፣ ታገሡኝ። ባለፈው ማክሰኞ ለርክክብ ብዬ የቆዩ ፋይሎች ሳገላብጥ የዚያን ድልድይ ማህደር አገኘሁ። ውስጡ እሷ ለአለቃችን የጻፈችው ደብዳቤ አለ። አንብቤው አላውቅም ነበር። አንድ ገጽ ናት፣ ላንብብላችሁ፤ መነጽሬን ላድርግ።

“የሦስተኛው ምሰሶ የመጀመሪያ ቆጠራ ትክክል አይደለም። ቆጠራው የተካሄደው በእኔ ኃላፊነት ሲሆን ጉድለቱም የእኔ ነው። ለሌላ ሰው የሚተላለፍ ጥፋት የለም። ቁፋሮው በድጋሚ እንዲደረግ እጠይቃለሁ፤ የሚመጣውንም እቀበላለሁ።”

የባልዲው ጉዳይ አልነበረም። ይህ ነበር።

ሦስት ቀን ቢሮዬ ተቀመጥኩ፣ ፊቷን ማየት አቃተኝ። እሷ “ሪፖርቱን አየኸው?” ትለኛለች፣ እኔ “አየሁት” እላለሁ፣ አላየሁትም። ለምን አልነገረችኝም እያልኩ ተናደድኩባት ሁሉ፤ አያችሁ ሰው ሲያፍር እንዴት እንደሚሆን። ከዚያ ገባኝ። ጠይቃኝ ነበር እኮ። ሁለት ጊዜ ጠይቃኛለች። “ራስህ?” ብላኛለች።

ተይ፣ አትነሺ። አውቃለሁ፣ “ተወው፣ ተቀመጥ” ልትዪኝ ነው። ዛሬ አልታዘዝሽም፣ ባይሆን ለአንድ ቀን።

ባለቤቷ፣ ልጇ፣ እናንተ እንድትሰሙልኝ ነው። ዘጠኝ ሜትር ላይ የነበረው ስድስት ነው። ሃያ ስምንት ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቆጥሬያለሁ ብዬ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ማስጠንቀቂያው የእኔ ነበር፣ ወንበሩ የእሷ ነበር። ዛሬ ጠዋት ይህንኑ ጽፌ ፈርሜ ለዋና ሥራ አስኪያጁ ሰጥቻለሁ፤ እሳቸውም እዚሁ ናቸው። ማስጠንቀቂያው ከማህደሯ እንዲወጣ፣ የእኔ ደብዳቤ በቦታው እንዲገባ ጠይቄያለሁ። በእኔ ላይ የሚወሰነውን ይወስኑ። ያለፈውን አስራ አንድ ዓመት አይመልስላትም። ዛሬ ስልሳ ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ደረጃ ስትወጣ መሀል ላይ ታርፋለች። ዘግይቻለሁ። በጣም ዘግይቻለሁ።

ይቅርታ አድርጊልኝ ብዬ እዚህ አልጠይቅሽም። ይህ ሁሉ ሰው እያየሽ እምቢ ማለት ይከብድሻል፣ ያ ደግሞ ሌላ ተንኮል ይሆንብኛል። ሰኞ ከሰዓት ቤትሽ እመጣለሁ። እዚያ እምቢ ብትዪኝ ማንም አያይሽም። በሩንም ላትከፍቺልኝ ትችያለሽ።

እዚህ ግን ማመስገን እችላለሁ። በእኛ ሥራ ምስጋና ብርቅ ነው፤ ድልድይ ሲመረቅ ሪባኑ የሚቆረጠው ከላይ ነው፣ ታች ማንም አይወርድም። የደከምንበት ነገር ሁሉ ውጤቱ ምንም ነገር አለመድረሱ ነው። ምንም ሳይሆን ሲቀር ደግሞ ሰው ምንም ያልተሠራ ይመስለዋል። አንቺ ይህን ችለሽ ሃያ አራት ዓመት ጭቃ ላይ ተቀመጥሽ። በዚያ ድልድይ በየቀኑ የሚሻገር ሰው አንቺን አያውቅሽም። እኔ ግን አውቅሻለሁ፣ አሁን እነዚህም አወቁሽ። እህቴ፣ አመሰግንሻለሁ። እኔን ከነፍስ ዕዳ ነው ያዳንሽኝ፤ የስንት ሰው ነፍስ በእጄ ሊጠፋ እንደነበር እያሰብኩ ነው ሦስቱን ቀን ያደርኩት።

በሉ ብርጭቋችሁን አንሱ። ጭማቂም ይሁን፣ ውሃም ይሁን፣ ባዶም ከሆነ ባዶውን አንሱት። ጉልበትሽ ይሻልሽ። ጠዋት ጠዋት ማንም አይቀስቅስሽ። ከባለቤትሽ ጋር በእግር ስትሄዱ ወደ ታች ሳይሆን ወደ ፊት እያየሽ የምትሄጂበት ብዙ ዘመን ይስጥሽ። የልጅሽን ልጅ እቀፊ፣ ለእሱ እንኳ ከፊሽካ ሌላ መጫወቻ ግዢለት።

አስራ አንድ ዓመት “የክፍሉ ኃላፊ” እያላችሁ የጠራችሁኝ ሁሉ፣ ተነሱልኝ። ቀድሜ መነሳት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፣ ይኸው ቆሜያለሁ። ለክፍላችን ኃላፊ እንጠጣ። እሷ ያቻትና፣ እዚያ ተቀምጣለች።